ስልክ ከድምፃችን የሚወስደውና የሚተወው



ስልክ ማለት የሰውን ድምፅ ከአንድ ስፍራ ወደ ሌላ ስፍራ የሚያደርስ መሣሪያ ነው ብለን ሁላችንም እናምናለን። ነገሩን ጠለቅ ብለን ስንመረምረው ግን ዛሬ በእጃችን የያዝነው ስልክ የሚያደርሰው ድምፃችንን ሳይሆን ስለ ድምፃችን የተጻፈ አጭር መልእክት ነው። ስልኩ የምንናገረውን ሰምቶ ከፊሉን ይመርጣል፤ የሚበዛውን ይጥላል፤ የተመረጠውን በቍጥር ጽፎ ይልካል። በወዲያኛው ጫፍ ያለው ስልክ ደግሞ ከተላከለት ቍጥር ተነሥቶ እኛን የሚመስል ድምፅ አዲስ ይሠራል። በሩቅ አገር ያለች ልጇን የምታነጋግር እናት የምትሰማው ድምፅ እንግዲህ በገዛ ስልኳ ውስጥ በዚያች ቅጽበት የተሠራ ድምፅ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ሥራ እንዴት እንደሚከናወን ማስረዳት፤ ከዚያም «ስልኩ የሚጥለው ነገር ለእኛ ቋንቋ የሚያስፈልግ ቢሆንስ?» የሚለውን ጥያቄ ማቅረብ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

1ኛ/ ድምፅ በሽቦ ላይ

አሌክሳንደር ግራሃም ቤል የስልክን ፈጠራ ያስመዘገበው በ1876 ነው። ጥበቡ ወደ አገራችን ለመግባት ብዙ አልዘገየም። በ1890 ግድም ራስ መኰንን ከኢጣልያ ጉዟቸው ሲመለሱ የስልክ መሣሪያ ይዘው እንደ መጡና ዳግማዊ ምኒልክም በቤተ መንግሥታቸው እንዳስተከሉት ይተረካል። ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋው 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መሥመር ሥራው የተጀመረው በ1894 መሆኑን የአገራችን የቴሌኮሙኒኬሽን ታሪክ ይመዘግባል።

በዚያ ዘመን ድምፅን የሚመርጥ አእምሮ በስልክ ውስጥ አልነበረም። ተናጋሪው አየሩን ሲያናውጥ በመሣሪያው ውስጥ ያለው ስስ ብረት ይንቀጠቀጣል፤ በሽቦው የሚሄደው የኤሌክትሪክ ኀይልም በዚያው ልክ ከፍ ዝቅ ይላል። ችግሩ መንገዱ በረዘመ ቍጥር ኀይሉ መድከሙና የመሥመሩ ጩኸት እየተጨመረበት መሄዱ ነው። ማጉያ መሣሪያ ቢደረግለትም ጩኸቱ ከድምፁ ጋር አብሮ ይጎላል። ይህም መጽሐፍ ከቅጂ ላይ ሌላ ቅጂ፥ ከዚያም ላይ ሌላ ቅጂ ሲገለበጥ ስሕተቱ እየበዛ እንደሚሄድ ያለ ነው።

2ኛ/ የአቃቂ ራዲዮ ጣቢያ የሚያስተምረን

የአቃቂ ቃሊቲ ተማሪዎች ሆነን ስለዚህ ጉዳይ ስንናገር በሰፈራችን የነበረውን ነገር መዝለል አይገባንም። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት አንድ የኢጣልያ ኩባንያ የሠራው የራዲዮ ጣቢያ አቃቂ ላይ ቆሞ ነበር። በ1935 የኢጣልያ ጦር አገራችንን በወረረ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ የመጡት የውጭ አገር ጋዜጠኞች ወሬያቸውን ለዓለም ያስተላለፉት በዚሁ ጣቢያ ነው።

የቴሌግራም ዋጋ የሚከፈለው በቃላት ብዛት ስለ ነበረ ጋዜጠኛው የሚጽፈውን ያሳጥር ነበር። አንባቢ ከራሱ ሊያሟላው የሚችለውን ቃል ይተዋል፤ ያለ እርሱ ነገሩ የማይገባውን ቃል ብቻ ያስቀራል። በሩቅ አገር ያለው የጋዜጣ አዘጋጅ ደግሞ ያንን አጭር መልእክት ተቀብሎ ዘርዝሮ ሙሉ ወሬ አድርጎ ያሳትመዋል። ድምፅን ማመቅ የሚባለው ጥበብም በመሠረቱ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ በወዲያኛው ጫፍ ሊሟላ የሚችለውን መተው፥ ሊሟላ የማይችለውን መላክ ነው። አስቸጋሪው ነገር የትኛው ከየትኛው እንደ ሆነ መለየቱ ነው።

3ኛ/ ድምፅ እንዴት ቍጥር ይሆናል?

ከማመቅ በፊት ድምፁን ወደ ቍጥር መለወጥ ያስፈልጋል። ይህን ለመረዳት የአቃቂን ወንዝ እንውሰድ። የወንዙን ከፍታ ማወቅ የሚሻ ሰው በወር አንድ ጊዜ ብቻ ቢለካ በክረምት ድንገት መጥቶ የሚያልፈውን ጎርፍ አያየውም። በየሰዓቱ እየለካ ቢጽፍ ግን ከጻፈው ቍጥር ተነሥቶ የወንዙን ሁኔታ በወረቀት ላይ መልሶ መሳል ይችላል። ድምፅም የአየር ከፍታና ዝቅታ ስለ ሆነ እንዲሁ ሊለካ ይችላል።

ምን ያህል ቶሎ ቶሎ መለካት ይገባል? ሃሪ ናይኪስት በ1928፥ ክሎድ ሻነን ደግሞ በ1949 ባሳተሟቸው ጥናቶች የተመሠረተው ሕግ፤ በድምፁ ውስጥ ካለው ፈጣን ንዝረት ከእጥፍ በሚበልጥ ፍጥነት መለካት እንደሚገባ ያስረዳል። የስልክ መሐንዲሶች ለንግግር ይበቃል ብለው የወሰኑት በሴኮንድ ከ300 እስከ 3,400 ጊዜ የሚነዝረውን ድምፅ ነው። ስለዚህ በሴኮንድ 8,000 ጊዜ ይለካል። እያንዳንዱ ልክ ከ256 ደረጃዎች በአንዱ ይመደባል፤ ይህንንም ለመጻፍ 0 ወይም 1 የሆኑ 8 ምልክቶች ይበቃሉ። እነዚህ ምልክቶች ቢት ይባላሉ። ስሌቱም እንዲህ ነው፦

8,000 × 8 = 64,000 ቢት በሴኮንድ

ይህን ዘዴ ያሰበው እንግሊዛዊው መሐንዲስ አሌክ ሪቭስ ሲሆን በ1938 በፈረንሳይ አገር አስመዝግቦታል። ነገር ግን ትራንዚስተር ገና ስላልተፈለሰፈ መሣሪያውን በርካሽ ዋጋ መሥራት አልተቻለም ነበር። በአሜሪካ ለሕዝብ አገልግሎት የዋለው በ1962 ሲሆን፤ በ1972 ደግሞ ጂ.711 ተብሎ የዓለም የስልክ ደንብ ሆነ።

የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅም በመንገድ ላይ ያለው ጣቢያ የደከመውን 0 እና 1 ለይቶ እንደ አዲስ አድርጎ መጻፍ መቻሉ ነው። በዚህም ምክንያት ከላይ የተናገርነው የቅጂ ስሕተት በእጅጉ ቀነሰ።

4ኛ/ ማመቅ ለምን አስፈለገ?

በሽቦ ለሚሄድ ስልክ 64,000 ቢት ብዙ አያሳስብም ነበር። ተንቀሳቃሽ ስልክ ሲመጣ ግን ነገሩ ተለወጠ። በአገራችን ይህ አገልግሎት የተጀመረው በ1999 ነው። ተንቀሳቃሽ ስልክ የሚጓዘው በራዲዮ ሞገድ ሲሆን፤ ሞገዱም ለሁሉ የሚከፋፈል የተወሰነ ሀብት ነው። በአንድ ጠባብ ድልድይ ላይ ሁሉም ሰው ሰፊ ጭነት ይዞ ልለፍ ቢል ጥቂት ሰዎች ብቻ እንደሚያልፉ ሁሉ፤ የእያንዳንዱ ሰው ድምፅ 64,000 ቢት ቢይዝ በአንድ አንቴና ሥር መነጋገር የሚችሉት ጥቂቶች ብቻ ይሆናሉ።

ስለዚህ ጂ.ኤስ.ኤም. በሚባለው ሥርዐት የመጀመሪያው የድምፅ ማመቂያ በሴኮንድ 13,000 ቢት ብቻ እንዲጠቀም ተደረገ። ሥራውም ንግግሩን በሴኮንድ 50 ቦታ መቈራረጥ ነው። እያንዳንዱ ቍራጭ በጂ.711 ቢጻፍ 1,280 ቢት ይወስድ ነበር፤ በዚህኛው ግን በ260 ቢት ይጻፋል። አምስት እጅ ከሆነው አራቱ እጅ ቀረ ማለት ነው። የቀረው የት ሄደ?

5ኛ/ የዋሽንቱ ምሥጢር

አንድ ዋሽንት ነፊ ደብረ ብርሃን ላለ ጓደኛው ዜማ መላክ ቢፈልግ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው የዜማውን ድምፅ እንዳለ መላክ ነው። ሁለተኛው ግን ጓደኛው እንደ እርሱ ያለ ዋሽንት ካለው፤ የትኞቹን ቀዳዳዎች መቼ በጣቱ እንደ ደፈነና ትንፋሹን ምን ያህል እንዳበረታ ብቻ ጽፎ መላክ ነው። ጓደኛውም እንደ ታዘዘው ይነፋል። ሁለተኛው መልእክት ከመጀመሪያው እጅግ ያጠረ ነው።

የሰው ጕሮሮና አፍም እንደዚሁ ነው። በጕሮሯችን ያሉት የድምፅ አውታሮች ሲርገበገቡ ድምፅ ይወጣል፤ ምላስ፥ ጥርስና ከንፈር ደግሞ መልክ ይሰጡታል። «አ» እና «ኡ» ስንል ከጕሮሮ የሚነሣው አንድ ዐይነት ሲሆን የሚለያየው የአፋችን ቅርጽ ነው። «ሰ» እና «ሸ» ስንል ደግሞ አውታሮቹ ዝም ይላሉ፤ የምንሰማው በጠባብ መንገድ የሚያልፈው አየር የሚፈጥረውን ፉጨት ነው። የአፍ ቅርጽ ደግሞ ዝግተኛ ነው፤ በሴኮንድ አንድ ሃምሳኛ ውስጥ ብዙም አይለወጥም። ስለዚህ የአፉን ቅርጽና የትንፋሹን ዐይነት በዚያ ልክ እየጻፉ መላክ ይበቃል።

በዚህ መንገድ መጀመሪያ የሄደው አሜሪካዊው ሆመር ደድሊ ነው። ቮኮደር የተባለው መሣሪያው ንግግርን ወደ ጥቂት ዝግተኛ ምልክቶች ይለውጥ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፥ በ1943፥ የአሜሪካና የእንግሊዝ መሪዎች በምሥጢር የሚነጋገሩበት ስልክ የተሠራው በዚሁ ዘዴ ሲሆን የአንዱ ጣቢያ መሣሪያ 55 ቶን ያህል ይመዝን ነበር። ዛሬ ከዚያ የበለጠ ሥራ የሚሠራው መሣሪያ በኪሳችን ይገባል።

ከዚያ በኋላ በጃፓን ፉሚታዳ ኢታኩራና ሹዞ ሳይቶ በ1966፥ በአሜሪካ ደግሞ በሕንድ አገር የተወለደው ቢሽኑ አታልና ጀርመናዊው ማንፍሬድ ሽሮደር በ1967 አዲስ ሐሳብ አመጡ። ይኸውም የሚመጣውን የድምፅ ልክ ካለፉት ልኮች በስሌት መገመት ነው። ግምቱ ትክክል ከሆነ መላክ አያስፈልግም፤ የሚላከው የግምቱ ደንብና ግምቱ የሳተበት መጠን ብቻ ነው።

አታልና ሽሮደር በ1985 ሌላ እርምጃ ጨመሩ። ላኪውና ተቀባዩ አንድ ዐይነት መጽሐፍ ይዘዋል እንበል፤ በመጽሐፉም ውስጥ ቍጥር የተሰጣቸው ብዙ አጫጭር የድምፅ ቅርጾች ተጽፈዋል። ላኪው ቅርጾቹን ከተናጋሪው ድምፅ ጋር እያስተያየ ለጆሮ ይበልጥ የሚቀርበውን ይመርጣል፤ የሚልከውም የመረጠውን ቍጥር ብቻ ነው። ሐሳቡ ሲሞከር በጊዜው ዕውቅ የነበረው ክሬይ የተባለው ትልቅ ኮምፒዩተር የአንድ ሴኮንድ ንግግር ለማስላት ከሁለት ደቂቃ በላይ ይፈጅበት ነበር። የዛሬ ተንቀሳቃሽ ስልኮች ግን የዚህኑ ዘዴ ልጆች በንግግሩ ፍጥነት ያሰላሉ።

ከዚህ እንደምንረዳው እነዚህ ማመቂያዎች የተሠሩት ለአንድ ሰው ጕሮሮ ነው። በገና፥ ከበሮ ወይም የብዙ ሰው ጩኸት በስልክ ስንሰማ የሚሰባበርብን ዋሽንት ብቻ መንፋት ለሚያውቅ ሰው የበገና ዜማ እንደ መስጠት ስለሚሆን ነው።

6ኛ/ የስልክ ጥሪ የሚበላሽባቸው ምክንያቶች

ሀ/ የሞገድ መድከም። ከ1999 ጀምሮ የወጣው ኤ.ኤም.አር. የተባለው ማመቂያ ስምንት ደረጃዎች አሉት፤ ከ12,200 ቢት እስከ 4,750 ቢት ይወርዳል። ሞገዱ ሲደክም የድምፁን ቢት ይቀንስና የተረፈውን ስፍራ ለስሕተት ማረሚያ ያውለዋል። ድምፁ ይደበዝዛል እንጂ ቶሎ አይቈረጥም።

ለ/ የቍራጭ መጥፋት። አንዱ ቍራጭ በመንገድ ቢጠፋ ተቀባዩ ስልክ ከእርሱ በፊት የመጣውን ቍራጭ መሠረት አድርጎ ክፍተቱን ይሞላል። አንድ ሲጠፋ ጆሮ ብዙም አያውቅም፤ ተከታትለው ሲጠፉ ግን ቃሉ ይዋጣል።

ሐ/ መዘግየት። በ1979 የሱሉልታ የሳተላይት ጣቢያ ሲቋቋም አገራችን ከዓለም ጋር የምትገናኝበት መንገድ ሰፋ፤ ነገር ግን ሳተላይቱ ከምድር 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ስለሚገኝ ድምፅ ወጥቶ እስኪወርድ የሴኮንድ ሩብ ያህል ይፈጃል። የዓለም የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ምክር ደግሞ መዘግየቱ ከ0.15 ሴኮንድ ባይበልጥ መልካም ነው ይላል። ከዚህ ሲያልፍ ሁለት ሰዎች አንዱ የአንዱን ንግግር ሳያውቁ ይቋረጣሉ፤ የቸኰለ ወይም የተቈጣ መስሎም ይታያል። በባሕር ውስጥና በየብስ የተዘረጋው የመስታወት ክር ይህን መንገድ አሳጥሮታል።

መ/ ደጋግሞ ማመቅ። ቡና አቦል፥ ቶና፥ በረካ እየተባለ በተደጋገመ ቍጥር እንደሚቀጥን፤ አንድ ጊዜ የታመቀ ድምፅ ተፈትቶ እንደገና ሲታመቅ ይቀጥናል። ከውጭ አገር የተደወለ ጥሪ በአገር ውስጥ ቍጥር ሲመጣልን አንዳንዶቻችን አይተናል። ይህ ዐይነቱ ጥሪ በሕገ ወጥ መንገድ በኢንተርኔት ገብቶ በአገር ውስጥ ሲም ካርድ የሚተላለፍ ስለሆነ ድምፁ ብዙ ጊዜ ይታመቃል። በ2012 የወጣው ስለ ቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል የተደነገገው አዋጅ ቍጥር 761 ይህን ድርጊት ይከለክላል።

7ኛ/ የአማርኛ ድምፆች በስልክ

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። መሐንዲሶቹ 3,400 ላይ ሲቈርጡ ከዚያ በላይ ያለውን ድምፅ ጥለዋል። «ሰ» የተባለው ፊደል ፉጨቱ የሚበረታው ግን ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ በስልክ «ሠራ» እና «ፈራ» የሚሉት ቃላት ይቀራረባሉ። አባት ስለ ልጁ ሲጠይቅ «ሠራ» የተባለውን «ፈራ» ብሎ ቢሰማ ነገሩ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል።

ከዚህም ሌላ ቋንቋችን እንደ «ቀ»፥ «ጠ»፥ «ጨ» እና «ጸ» ያሉ ፈንድተው የሚወጡ ድምፆች አሉት። «ቀበሮ» እና «ከበሮ»፥ «ጠረበ» እና «ተረበ» የሚለያዩት በዚያች ፍንዳታና ከእርስዋ ቀጥሎ በምትመጣው እጅግ አጭር ዝምታ ነው። የሚጠብቅና የሚላላ ድምፅም አለን፤ «ገና» ሲላላ ጊዜውን፥ ሲጠብቅ በዓሉን ያመለክታል። ልዩነቱ የጊዜ ርዝመት ብቻ ነው። ቍራጭ ጠፍቶ ክፍተቱ በግምት ሲሞላ ሊደበዝዝ የሚችለውም ይኸው ጥቃቅን ጊዜ ነው። ሌላ ቋንቋ የሚናገር ሰው እነዚህን ልዩነቶች ባይሰማቸው አይፈረድበትም፤ ለይተን መመስከር ያለብን እኛው ነን።

መልካም ዜና የሆነው ሰፊ ድምፅ የሚያሳልፉ አዳዲስ ማመቂያዎች መሠራታቸው ነው። ኤ.ኤም.አር. ሰፊው የተባለው ደንብ ከ50 እስከ 7,000 ያለውን ንዝረት በ12,650 ቢት ያስተላልፋል፤ ከድሮው 13,000 ባነሰ ቢት እጥፍ የሚሆን ስፋት ያስተላልፋል ማለት ነው። በ2012 የወጣው ኦፐስና በ2014 የወጣው ኢ.ቪ.ኤስ. ደግሞ ከዚህም አልፈው ሄደዋል። ነገር ግን የሁለቱም ሰዎች ስልክና በመካከል ያለው መሥመር ሁሉ ካልተስማማ ጥሪው ወደ ጠባቡ ድምፅ ይመለሳል።

8ኛ/ ተማሪ ሊሠራው የሚችል ሙከራ

የስልክን ጥራት ለመለካት ዋናው መሣሪያ የሰው ጆሮ ነው። ፒ.800 በሚባለው የዓለም ደንብ ሰሚዎች ለሰሙት ድምፅ ከ5 እስከ 1 ነጥብ ይሰጣሉ፦ 5 እጅግ መልካም፥ 4 መልካም፥ 3 መካከለኛ፥ 2 ደካማ፥ 1 መጥፎ። ከዚያም አማካዩ ይወሰዳል። ቃላትን ማስለየትም ሌላ የታወቀ ዘዴ ነው። እኛም በክፍላችን እንዲህ ልናደርግ እንችላለን።

በመጀመሪያ እርስ በርስ የሚቀራረቡ 25 ጥንድ ቃላት እንጻፍ፤ ለምሳሌ ሠራ–ፈራ፥ ሰማ–ሸማ፥ ቀበሮ–ከበሮ፥ ጠረበ–ተረበ፥ መጣ–ነጣ። ሃምሳውን ቃል ደባልቀን አንድ ተማሪ ያንብብ፤ አምስት ተማሪዎች የሰሙትን ይጻፉ። ንባቡ አንደኛ ከመጋረጃ በስተ ኋላ ያለ ስልክ፥ ሁለተኛ ከጸጥተኛ ክፍል በስልክ፥ ሦስተኛ ከጭነት መኪና መንገድ ዳር በስልክ ይሁን። የቃላቱ ተራ በየጊዜው ይለወጥ፤ አለዚያ ሰሚው በቃሉ ያጠናዋል። በመጨረሻም በትክክል የተጻፉት በ250 ተካፍለው በ100 ሲባዙ ውጤቱ በመቶኛ ይገኛል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የትኛው ፊደል በየትኛው እንደ ተሳሳተ የሚያሳየው ሰንጠረዥ ነው።

ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ ለወላጆቻችን አንድ ምክር እንስጥ። በስልክ ስም፥ ቀበሌ ወይም የመድኃኒት መጠን ስንነግር «ሰ እንደ ሰላም፥ ፈ እንደ ፈረስ» እያልን እንለይ፤ ቍጥሩን አንድ በአንድ ጠርተን ሰሚው መልሶ እንዲነግረን እናድርግ። ሰሚው የሚሰማው በግምት የተሟላ ድምፅ ስለ ሆነ ማረጋገጥ የጥንቃቄ ሥራ ነው።

ከላይ እንዳየነው ከድምፅ ምን ይወሰድ፥ ምን ይተው የሚለውን የወሰኑት እየሰሙና እየለኩ የደከሙ ሰዎች ናቸው። ሰው የወሰነውን ሌላ ሰው ሊመረምረውና ሊያሻሽለው ይችላል። ከእኛ መካከል ሒሳብንና ፊዚክስን የሚወድ፥ የአማርኛን ወይም የኦሮምኛን ድምፅም ጠንቅቆ የሚሰማ ተማሪ ካለ ይህ ሥራ ይጠብቀዋል። ሙከራውን የሠራ ክፍል ሰንጠረዡን ለመጽሔቱ አዘጋጆች ቢያቀርብ በሚመጣው ዓመት እትም ይወጣለታል።